በጓሮ ሐዲድ ሦስት ሺህ ዙር

አጎቴ አርባ አንድ ዓመት የብረት በር ሠርቷል። በሰፈራችን ሲከፈት እሪ የማይል የግቢ በር ካያችሁ የእሱ እጅ አለበት። ሰው ሁሉ «ጋሽ በሩ» ነው የሚለው፤ ትክክለኛ ስሙን የሚያውቁት ሚስቱና መታወቂያው ብቻ ናቸው። ሲሠራ የማይለቀው ልማድ አለው፦ ከላይ ጦር፣ ከመሐል አበባ። ይህን ካላደረገ ሥራው ያለቀ አይመስለውም። የዶሮ ቤት መዝጊያ ያዘዘ ጎረቤት እንኳ ሰባት ጦርና ሁለት አበባ ተሸክሞ ሄዷል። ዶሮዎቹ ለብዙ ቀን መግባት ፈርተው ነበር ይባላል።

ይህን ሁሉ ሰው የሚገባበትንና የሚወጣበትን በር የሠራ ሰው ግን ራሱ የትም ሄዶ አያውቅም። ምክንያቱ አንድ ነው፤ መኪና ያመዋል። ያመዋል ስል እንደ ማንኛውም ሰው ትንሽ ያቅለሸልሸዋል ማለቴ አይደለም። ሞተሩ ሳይነሳ፣ መኪናው በቆመበት፣ በሩ ሲዘጋ ድምፁን ሰምቶ ብቻ አስመልሶት ያውቃል። ሎሚ አሽትቷል፤ ክኒን ውጧል፤ ዓይኑን ጨፍኗል፤ ዓይኑን አፍጥጧል፤ ጆሮው ውስጥ ጥጥ ወትፏል። አንድ ጊዜ ሆድን በጋዜጣ መጠቅለል ፍቱን ነው ብለውት በጋዜጣ ተጠቅልሎ ተሳፈረ። ከሁለት ፌርማታ በኋላ የወረደው ጋዜጣውን ለሌላ ጉዳይ ተጠቅሞበት ነው።

በራሱ ሠርግ ቀን ሙሽሪትን ሊያመጣ የሄደው በእግሩ ነበር። ሲመለሱም እሷ በአበባ በተሸፈነ መኪና ውስጥ፣ እሱ በሙሉ ልብሱ ከመኪናው ፊት ፊት እየተራመደ፣ ሦስት ኪሎ ሜትር ሙሉ። መንገድ ዳር ቆሞ የነበረ አንድ ሽማግሌ ቀብር መስሎት ባርኔጣውን አወለቀ።

ሳቅ ያልነበረበትም አለ። አያቴ፣ ማለትም የእሱ አባት፣ የሞቱት ሌላ ከተማ ነው። ያን ቀን አጎቴ ጨክኖ አውቶቡስ ተሳፈረ። ከሃያ ኪሎ ሜትር በኋላ አስቁሞ ወረደ። ሹፌሩ ጠበቀው፤ ተሳፋሪዎቹም ጠበቁት፤ እሱ ግን አንድ እግሩን ደረጃው ላይ ያደርግና ይመልሳል። በመጨረሻ «ሂዱ» አላቸው። የቀረውን በእግሩ ሄደ። ሲደርስ ለቀስተኛው ተበትኖ፣ ወንበር አከራዮች ወንበራቸውን እየጫኑ ነበር። ከመኪናው ላይ አንድ ወንበር አውርደው ሰጡትና ግቢው መሐል ብቻውን ተቀመጠ። እስኪነሳ ድረስም ጠበቁት።

አጎቴና ሚስቱ ያላቸው አንዲት ሴት ልጅ ናት። መቶ አርባ አራት ኪሎ ሜትር ርቆ በሚገኝ ከተማ፣ ጥርስ ሐኪም ቤት ውስጥ ትሠራለች። ስትመረቅ አባቷ አልሄደም። ስትታመም አልሄደም። ሽማግሌ የተላከውም እዚያው ልጅቷ ያለችበት ከተማ ነው፤ እሱ አልሄደም። ደርሳ የምትመለሰው ሁልጊዜ ሚስቱ፣ እኔ አክስቴ የምላት፣ ብቻዋን ነበረች።

አንድ ቀን ልጅቷ ደወለች።

«አባዬ፣ ሠርጌ ከአምስት ወር በኋላ ሆኗል። አንተ ምንም እንዳትጨነቅ። በቪዲዮ ታየናለህ። ስልኩን የሚይዝ ሰው ሁሉ ተዘጋጅቷል።»

«ስልኩን የሚይዝ ሰው» አለ አጎቴ።

«አዎ፤ የሙሽራው የአጎት ልጅ ነው። እጁ አይንቀጠቀጥም።»

ከዚያ በኋላ ሁለት ቀን ሙሉ ከአፉ የወጣው «እጁ የማይንቀጠቀጥ ሰው» የሚል ብቻ ነው። ብረት ሲቆርጥ ይለዋል፤ ዳቦ ሲቆርጥ ይለዋል። ልጁ ብትቆጣው፣ ብታለቅስበት ይሻለው ነበር። እሷ ግን እንደማይመጣ ያን ያህል አምና፣ ቦታውን በስልክ ሞልታ ጨርሳለች።

«ምን አዲስ ነገር ሆነብህ?» አለች አክስቴ። «የሙሽራው ዘመዶች እኮ የሞትክ ነው የሚመስላቸው።»

«ማን አላቸው?»

«ማንም አላላቸውም። ሦስቴ ብቻዬን አዩኝ። በአራተኛው የሙሽራው አክስት እጄን ይዛ ‹ነፍሱን ይማር› አለችኝ።»

«አንቺስ ምን አልሽ?»

«አሜን አልኩ። ሻይ እየቀዳችልኝ እኮ ነው፤ ምን ልበላት?»

በሦስተኛው ቀን አጎቴ ሜትሩን ይዞ ጓሮ ወጣና ከአጥር እስከ አጥር ይለካ ጀመር። ሐሳቡን ያስረዳን የውሃ ታንከሩ ሥር ተቀምጦ ነው። ሰው መኪና የሚያመው ስላልለመደው ነው አለ። ለመልመድ ደግሞ መኪና ውስጥ መግባት ያስፈልጋል፤ መኪና ውስጥ ከተገባ ያማል። ስለዚህ እሱ የሚያስፈልገው እንደፈለገ የሚወርድበት፣ ካመመውም እቤቱ ሆኖ የሚታመምበት መጓጓዣ ነው።

«እሱማ አልጋ ነው» አለች አክስቴ።

«የሚሄድ መሆን አለበት» አለ።

ባቡሩ እንዲህ ተጀመረ። መኪና ለመሥራት መሪ ያስፈልጋል፤ መሪ ላይ ያልተቀመጠ ሰው መሪ መሥራት አይችልም። ሐዲድ ግን ያውቃል። ግማሽ ዕድሜውን ተንሸራታች በር ሲሠራ፣ ማዕዘን ሠርቶ የታጠፈውን ብረት እንደ ጣሪያ ጀርባውን ወደ ላይ አድርጎ መሬት ላይ ይዘረጋል፤ በሩ ደግሞ ወገባቸው እንደ ቦይ በገባ ትንንሽ የብረት ጎማዎች በዚያ ጀርባ ላይ ይሄዳል። «ባቡር ማለት የማይዘጋ ተንሸራታች በር ነው» አለን። አሁንም ድረስ ይህን አባባል የሚያፈርስ ነገር አላገኘሁም።

የሥራ ክፍሉ ከወጥ ቤቱ ጋር ግድግዳ የሚጋራ ቆርቆሮ ቤት ነው። ብየዳው ሲነሳ የቤቱ አምፖል ሁሉ ይደበዝዛል፤ አክስቴም ካውያዋን አስቀምጣ እጇን አጣጥፋ ትጠብቃለች። ሦስት ወር ያህል ልብስ የሚተኮሰው በብየዳና በብየዳ መካከል ነበር። ቀጥ ያለው ሐዲድ አላስቸገረም። ኩርባው ግን ብረቱን በየስንዝሩ እየሰነጠቁ፣ ትንሽ ትንሽ እያጠፉ፣ መልሶ መበየድ፣ ከዚያ የብየዳውን እብጠት በመፍጫ ዲስክ ማስተካከል ይፈልጋል። መጀመሪያ ላይ እብጠቱን በደንብ አላነሳውም ነበርና ለሙከራ የተገፋው ጋሪ እየዘለለ ሄደ።

«ባቡር ነው ያልከኝ ወይስ ፈረስ?» አለች አክስቴ።

ሁሉንም እንደገና ፈጨው።

ሞተሩ ከአሮጌ የውሃ መሳቢያ የተነቀለ ነው፤ ኃይሉን ለጎማው የሚያደርሰው የብስክሌት ሰንሰለት። ፍጥነቱ ሰው በቀስታ ሲራመድ የሚሄደውን ያህል ነው። መልኩን በተመለከተ ብዙ ማለት አይቻልም፤ በር ነው። ከፊት ጦር አለው፤ ከጎን አበባ አለው። ተሳፋሪ የሚቀመጥበት ጋሪ ግራና ቀኙ ክፍት ሆኖ ሳለ በመሐሉ ብቻ መዝጊያ ተሠርቶለታል፤ መዝጊያው መቀርቀሪያ አለው፤ ከመቀርቀሪያው በላይ ማንኳኪያ ቀለበት ተንጠልጥሏል።

«ይኼን ደግሞ ማን ነው የሚያንኳኳው?» አለችው።

«እንግዳ ቢመጣስ?»

«እየሄደ?»

ቀለበቱን ግን አላወለቀም።

ሐዲዱ ከቆርቆሮ ቤቱ ተነስቶ፣ በጎመኑ መደብ ዳር፣ በውሃ ታንከሩ ሥር፣ በልብስ ማስጫው ገመድ ሥር አልፎ ወደ ቆርቆሮ ቤቱ ይመለሳል። ርዝመቱ አርባ ስምንት ሜትር። አጎቴ መቶ አርባ አራት ኪሎ ሜትሩን በአርባ ስምንት ሜትር ሲያካፍል ልክ ሦስት ሺህ ወጣለት፤ ትርፍም ጉድለትም የለውም። ደግሞ ደጋግሞ አካፈለው። ከዚያ ቀን ወዲህ ነገሩ እንደሚሆን ተጠራጥሮ አያውቅም። ለልጁ ግን አንዳችም ነገር እንዳይነገራት አስማለን። «ተስፋ አድርጋ ከቀረሁ ሁለተኛ አታምነኝም» አለ።

የመጀመሪያው ቀን አራት ዙር ሄዶ ጎመኑ ላይ አስመለሰ። በሁለተኛው ቀን ስድስት። በሳምንቱ ሃያ። በዚያ መሐል የከተማው ወሬ ሆነ። በመጀመሪያ ሊያይ የመጣው ከፊት ለፊታችን የሚኖረው ጡረተኛው የአውቶቡስ ሹፌር ነው። ሠላሳ አንድ ዓመት ነድቶ አንድም ዶሮ ያልገጨ፣ ይህንንም በየቀኑ የሚያስታውሰን ሰው ነው። በአጥሩ ላይ ክንዱን አስደግፎ ለረጅም ጊዜ ተመለከተ።

«ጋሽ በሩ፣ ይኼ ባቡር የት ነው የሚሄደው?»

«እዚሁ።»

«መቼ ይደርሳል?»

«ደርሷል። ትሳፈራለህ?»

«ከደረሰ ለምን እሳፈራለሁ?» አለ ሹፌሩ፤ አጥሩን ግን ዞሮ መጥቶ ተሳፈረ። ሁለተኛው ዙር ላይ ኩርባ ሲገባ ፍጥነት እንዲቀንስ መከረው። ከዚያ በኋላ ሳይቀር በየቀኑ ጠዋት ይመጣ ጀመር፤ ተሳፍሮ አነዳዱን ይነቅፋል።

አክስቴ ደግሞ መንገዱን በሙሉ ታውቀዋለች። የስንት ዓመት ምልልስ ነው። ነጭ ሽንኩርቷን በሳህን ይዛ ከኋላ ትቀመጥና፣ እያንዳንዱን ዙር በጠመኔ ግድግዳ ላይ ታሰምራለች፤ ከዚያ የት እንደደረሱ ትነግረዋለች። ስምንት መቶኛው ዙር ላይ «ድልድዩን አለፍን» አለችው። «ወንዙ አሁን ደርቋል፤ በክረምት ብታየው ግን።» አጎቴ አንገቱን አስግጎ ጎመኑን ተመለከተ። አንድ ሺህ ሁለት መቶኛው ላይ ቲማቲም ሻጮቹ ጋ ደረሱ። በገመዱ ላይ እርጥብ አንሶላ ተሰጥቶ በዚያ ሲያልፉ ጥፊ ሲያቀምሳቸው፣ «እዚህ ጋ ሁልጊዜ ይዘንባል» ትለዋለች። አንድ ቀን ስልክ ደውሎልኝ የት ነህ ስለው በሙሉ ልቡ «ዳገቱን ልንጨርስ ነው» ብሎኛል። እኔም አላረምኩትም። በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ መንገድ ላይ የነበረ ሰው ነው።

ከሰባት መቶ ገደማ ዙር በኋላ ማስመለሱ ቆመ። ከሺህ በኋላ ሎሚውን ተወው። ሁለት ሺህ አምስት መቶ ላይ እየሄደ ዳቦ በላ፤ አክስቴ ሽንኩርቱን ጥላ አየችው። ሦስት ሺህኛው ዙር ያለቀው ወደ ሠርጉ ለመሄድ አራት ቀን ሲቀረው ነው። አጎቴ ሞተሩን አጠፋና ወርዶ እግሩን አፍታታ። ግራ ቀኙን አየ፤ ያው ጓሮው ነው። «ሰላም ገባን» አለ።

ሹፌሩ ግን እውነተኛ ሙከራ ያስፈልጋል ብሎ በማግሥቱ የአማቹን ፒካፕ ይዞ መጣ። አጎቴ ከፊት፣ አክስቴና እኔ ከኋላ ተቀመጥን። በሩ ተዘጋ፤ ምንም አልሆነም። ከግቢያችን ወጥተን ወደ ግራ ታጠፍን፤ ምንም። አሁንም ወደ ግራ፤ ምንም። ቀጥታው መንገድ ላይ አጎቴ መስኮት ከፍቶ ለሚያውቃቸው በሮች ሰላምታ ይሰጥ ጀመር። አደባባዩ ደረስን። ወደ ክቡ ስንገባ ፊቱ ለአፍታ ገርጥቶ ነበር፤ መዞር ስንጀምር ተመለሰለት።

«ይኸውላችሁ» አለ። «ተመልከቱኝ።»

ሹፌሩ ለመውጣት መሪውን ወደ ቀኝ ሲጠመዝዝ አጎቴ ዳሽቦርዱን በሁለት እጁ ያዘ። ፊቱ አመድ መሰለ። «መልሰው፣ መልሰው» አለ። ሹፌሩ ወደ ክቡ መለሰው። ፊቱ እንደገና ቀላ። በሁለተኛው መውጫ ሞከርን፤ ያው ነው። በሦስተኛውም። አምስተኛው ዙር ላይ ሹፌሩ አንድ ነገር ገባው።

«አንተ ሰውዬ፣ ባቡርህ ወደ ቀኝ ይታጠፋል?»

«ወደ ቀኝ ምን አለና ይታጠፋል? ወደ ቀኝ አጥሩ ነው።»

አርባ ስድስት ቀን፣ ሦስት ሺህ ዙር፣ አሥራ ሁለት ሺህ ኩርባ፤ ሁሉም ወደ ግራ። አጎቴ መጓዝን አልለመደም፤ የለመደው ወደ ግራ መዞርን ነው። በዚያ አደባባይ ላይ ዕድሜውን ሙሉ በሰላም መኖር ይችላል፤ ከአደባባዩ መውጣት ግን አይችልም።

ዘጠነኛው ዙር ላይ ትራፊክ ፖሊሱ አስቆመን።

«የት ነው የምትሄዱት?»

«ቤት» አለ ሹፌሩ።

«ታዲያ ሂዱ።»

«መውጫው በቀኝ ነው።»

ፖሊሱ ወደ መውጫው አየ፤ ወደ እኛ አየ። «ሁልጊዜም በቀኝ ነው» አለ።

አጎቴ በሩን ከፍቶ ወረደና በእግሩ ወደ ቤት ሄደ።

ከሰዓት በኋላ አራት ሰዎች ተረዳድተን ባቡሩን አንስተን ፊቱን አዞርነው። አሁን ወደ ቀኝ ይዞራል። የመጀመሪያው ዙር ላይ አጎቴ የልብስ ማስጫውን እንጨት አቀፈ፤ በሁለተኛው ጎመኑ ጋ ደረሰ። የቀረው ሦስት ቀን ነው። ሐዲዱ ላይ ተቀምጦ አፉን በመሐረብ ጠረገና «እንግዲህ ያ ሰውዬ ስልኩን ይያዘው» አለ። ለልጁ ምንም ባለመናገሩ ያን ሰዓት ደስ ሳይለው አልቀረም። እኔ ግን የወንበር አከራዮቹ ነገር ነበር የታየኝ።

አክስቴ ከባቡሩ አልወረደችም። የሞተሩ ጭስ ዓይኗ እንዳይገባ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ጀርባዋን ለአጎቴ ጀርባ ሰጥታ ነበር የምትሄደው። አሁን በዚያው ቦታ ተቀምጣ ሳህኗን እያየች ታስባለች።

«ናማ እኔ ቦታ ተቀመጥ» አለችው።

«ተይኝ እባክሽ።»

«አንተ ያን ሁሉ ቀን ወደ ግራ ስትሄድ እኔ ከኋላህ ወደ ቀኝ ነው የሄድኩት። ጀርባዬን ስለሰጠሁ ግራህ ቀኜ ነበር። አሁን ባቡሩ ወደ ቀኝ ከዞረ የእኔ ቦታ ግራ ነው ማለት ነው። ናና ተቀመጥ።»

ሹፌሩ እጁን አየር ላይ አንስቶ ወዲያና ወዲህ እያጠፈ ብዙ አሰበ። «እንዴ፣ እውነቷን ነው» አለ።

አጎቴ ፊቱን ወደ ኋላ አድርጎ ተቀመጠ። አንድ ዙር ሄደ። አሥር ሄደ። ሠላሳ ሄደ። ምንም አልሆነም። እንዲያውም ዳቦ ጠየቀ።

«አውቶቡስ ላይ ግን እንዴት ልሆን ነው?» አለ እያኘከ። «ቀኝም ግራም አለው እኮ።»

«ትዞራለህ።»

«በየኩርባው?»

«በየቀኝ ኩርባው። ለግራው እንደ ሰው ትቀመጣለህ።»

ስንት የቀኝ ኩርባ እንዳለ ሹፌሩ ተጠየቀ። ዓይኑን ጨፍኖ፣ የሌለ መሪ ይዞ፣ ያን ሁሉ መንገድ በጓሮው ውስጥ ነዳው። ፍሬን ሲይዝ እግሩ መሬት ይረግጣል። ሻይ እስኪቀዘቅዝ ድረስ ቆይቶ ዓይኑን ገለጠና «ሁለት መቶ አሥራ ሰባት» አለ። የቀሩትን ቀናት አጎቴ የወጥ ቤት ወንበር ላይ ሲቀመጥ፣ ሲነሳ፣ ተንበርክኮ ሲዞር ከረመ። አክስቴ ሽንኩርት እየከተፈች «ቀኝ» ትላለች፤ «ግራ» ትላለች።

አውቶቡሱ ላይ ቦታ የያዘልን ጡረተኛው ሹፌር ነው፤ ከግራ በኩል፣ ሦስተኛው ረድፍ። አጎቴ መተላለፊያው ጋ፣ አክስቴ መስኮቱ ጋ፣ እኔ ከመተላለፊያው ማዶ። ከአጎቴ በስተኋላ ቦርሳውን ጭኑ ላይ ያስቀመጠ ወፍራም መሬት ቀያሽ ተቀምጧል።

«ቀኝ» አለች አክስቴ፣ ገና ከመናኸሪያው ስንወጣ።

አጎቴ ተነስቶ ወንበሩ ላይ ተንበረከከና ዞረ። ከመሬት ቀያሹ ጋር አፍንጫ ለአፍንጫ ተገጣጠሙ።

«ጤና ይስጥልኝ» አለ አጎቴ።

«ጤና ይስጥልኝ» አለ ሰውየው ግራ ገብቶት።

«ግራ» አለች። ተቀመጠ። «ቀኝ።» ዞረ።

«ጤና ይስጥልኝ።»

በስድስተኛው ላይ መሬት ቀያሹ «ጌታዬ፣ በየደቂቃው ሰላም ማለት ግዴታ የለብዎትም» አለ።

«ዝም ብዬ ባፈጥብዎ ነውር እንዳይሆን ብዬ ነው።»

«እኔን ማየቱ ራሱ ለምን አስፈለገ?»

አክስቴ አስረዳችው። ባቡሩን፣ አደባባዩን፣ ልጅቷን፣ ስልኩን የሚይዘውን ሰው። ከፊትና ከኋላ ያሉትም አዳመጡ። ድልድዩን ስናልፍ ነገሩ የአውቶቡሱ ሁሉ ጉዳይ ሆነ። መንገዱን የሚያውቁት ከአክስቴ ቀድመው «ቀኝ ሊመጣ ነው፣ አባት ይዘጋጁ» ይላሉ። ከኋላ አንድ ቀልደኛ ጎረምሳ በግራ ኩርባ ላይ «ቀኝ» ብሎ ጮኸና አጎቴ ተሳስቶ ዞረ፤ ፊቱ ወዲያው ገረጣ።

«አንተ ባለጌ» አለችው ቅርጫት የያዘች ሴት። «ሰውየው ሥራ ላይ ናቸው።»

ጎረምሳው ይቅርታ ጠየቀ። የአውቶቡሱ ሹፌርም በመስታወት እያየ ኩርባ ሲደርስ አስቀድሞ ጥሩምባ ይነፋ ጀመር፤ ለቀኝ አንድ፣ ለግራ ሁለት።

ቁልቁለቱ ላይ ኩርባዎቹ ተከታትለው መጡ። አጎቴ ይነሳል፣ ይንበረከካል፣ ይዞራል፣ ይቀመጣል። ሸሚዙ ጀርባው ላይ ተጣብቋል። ከሃያ በላይ ኩርባ ሲያልፍ መሬት ቀያሹ ዝም አለ። ከፊቱ ያ ፊት ይመጣል፣ ይሄዳል፣ ይመጣል፣ ይሄዳል። ከንፈሩ ነጣ።

«እባክዎ ትንሽ ይረጉልኝ» አለ በደከመ ድምፅ። «እኔን ሊያስመልሰኝ ነው።»

በዚህ ጉዳይ ላይ ከአጎቴ የበለጠ የሚያውቅ ሰው ምድር ላይ ያለ አይመስለኝም። ከኪሱ ፌስታል አወጣና አራግፎ ከፈተለት። በአንድ እጁ ግንባሩን ደገፈው፤ በሌላው ሎሚ በጥፍሩ ቧጥጦ አፍንጫው ሥር ያዘለት። «አይዞዎት፣ ወደ ውስጥ አይዋጡት። ትከሻዎን ይልቀቁት። ሩቅ ይመልከቱ። እንዲያ፣ ጎበዝ።» ሰውየው እንደ ሕፃን ታዘዘው።

ጥሩምባው ሁለት ጊዜ ተነፋ፤ ግራ ነበር። አጎቴ አልዞረም። እንደገና ሁለት ጊዜ ተነፋ፤ አልሰማም። ሦስተኛውም የግራ ኩርባ አለፈ፤ እሱ ፊቱን ወደ ኋላ አድርጎ እንደተንበረከከ የሰውየውን ግንባር ይዟል። የገረጣ ነገር አላየሁበትም። ቅርጫት የያዘችው ሴት ልትነግረው አፏን ስትከፍት አክስቴ ጣቷን ከንፈሯ ላይ አድርጋ ተቆጣቻት። እሷም ቆጥራለች። ከዚያ መሬት ቀያሹ ተንፍሶ ሲደገፍና አጎቴ መለስ ሲል፣ ምንም እንዳልተፈጠረ ሁሉ «ቀኝ» አለችው። ዞረ። ለምን እንዳልነገረችው በኋላ ስጠይቃት፣ «ከነገርኩት ያስታውሰዋል፤ ካስታወሰው ያመዋል» አለችኝ።

ሙሽሪት እናቷን ልትቀበል መናኸሪያ መጥታ ነበር። አክስቴ ወረደች፤ ተቃቀፉ። ልጅቷ ሻንጣውን ይዛ ለመሄድ ዞራ ነበር፤ አክስቴ እጇን ይዛ አስቆመቻት። መሬት ቀያሹ ፌስታሉን ይዞ ወረደ። ባለቅርጫቷ ወረደች። ጎረምሳው ወረደ። ከዚያ በሩ ላይ፣ አውቶቡሱን በሁለት እጁ ይዞ፣ አንድ እግሩን በጥንቃቄ ወደ መሬት እየሰደደ፣ ሸሚዙ በላብ የራሰ፣ የሱሪው ጉልበት የተላጠ ሰውዬ ብቅ አለ።

ልጅቷ ሻንጣውን አስቀመጠች። ቀርባ ፊቱን አየችው፤ ጉልበቱን አየችው።

«አባዬ፣ በምንድን ነው የመጣኸው?»

«በአውቶቡስ።»

ወደ አውቶቡሱ አየች፤ እንደገና ወደ ሱሪው።

«ቁጭ ብለህ?»

አጎቴ ትንሽ አሰበ፤ ልጁን ዋሽቷት አያውቅም።

«አልፎ አልፎ» አለ።